ሦስት በርጩማ ለአንድ ክፍል

ጥቅምት ፬

ይድረስ ለወንድሜ ለድንቡሼ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ አልፎ አልፎ ይይዘኛል፣ ሱቁም አንድ ቀን ሞቅ ሌላ ቀን ቀዝቀዝ ይላል፤ ከዚህ ሌላ የሚነገር የለኝም።

ደብዳቤህ የመጣ ጊዜ አንድ ትልቅ የልብስ ሣጥን ውስጥ ግማሽ አካሌን አስገብቼ ስፍቅ ነበር። ፖስተኛው "ከወንድምሽ ነው!" ብሎ ሲጠራኝ ቀና ስል ጭንቅላቴን ከክዳኑ ጋር አጋጨሁት። ይኸው እስካሁን አብጧል። ያንተ ጥፋት ነው።

ከፍቼ ሳነብ ደግሞ ስለ በርጩማ ትጠይቀኛለህ! አንተ! ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ስትተኛ፣ የሚስማር ሣጥን ገልብጠህ ስትቀመጥ የኖርክ ሰው! "ለቤት የሚሻለው የጥንቱ ነው፣ የድሮ ሞዴሉ ወይስ ዘመናዊው?" የምትለዋን ለጋሼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጋሼን ታውቃቸዋለህ፣ ከኋላ ክፍል የሚሠሩት አናጺዬ ናቸው። መላጊያቸውን አስቀምጠው "ልጁ ሊያገባ ነው" አሉ። እኔም የጠረጠርኩት ይህንኑ ነው። ማናት? የማን ልጅ ናት? በርጩማ ምረጥ ያለችህ እሷ ከሆነች ገና ሳላያት ወድጃታለሁ።

ለማንኛውም ጥያቄህን ልመልስ። የጥንት የምንለው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣውን ነው፤ ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ሲያዩት ያምራል፤ ሲቀመጡበት ግን ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበት አገጭ ሊነካ ምንም አይቀረው። እውነተኛውን ከአስመሳዩ ለመለየት ገልብጠህ ሆዱን እየው። ያረጀ እንጨት ከሥሩ ጠቆር ይላል፤ እጅ ሲያነሳው የኖረበት ቦታ ደግሞ ያብረቀርቃል። ሁሉም ጎኑ እኩል አርጅቶ ካገኘኸው ትናንት የተሠራ ነው። ነቀዝ የበላው እንዳይሆንም በጣትህ ቆርቆር አድርገው፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ተወው።

የድሮ ሞዴል የሚባለው አባቶቻችን በወጣትነታቸው የተቀመጡበት የፋብሪካና የቢሮ ዕቃ ነው። የብረት እግር፣ የእንጨት መቀመጫ፤ አንዳንዱ በብሎን እየተሽከረከረ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔን ካልከኝ ልቤ እሱ ጋ ነው። ዘመናዊው ቀላል ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል፣ ሲቆሽሽ በውሃ ይለቀለቃል። ነፍስ ግን የለውም።

ወለሉ ምንድን ነው? ስንት ሰው ነው የሚቀመጥበት? ለየትኛው ክፍል ነው? ይህን ሳላውቅ ይህን ግዛ ብልህ መዋሸቴ ነው።

እኔ የምልህ፣ ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ የድልድዩ ካምፕ አይደለም። ጽሕፈትህም ተንጋዷል። በጀርባህ ተንጋለህ ነው እንዴ የጻፍከው? ሰነፍ! ስለ ልጅቷ ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

እህትህ

ጥቅምት ፲፯

እታለም፣

ጭንቅላትሽ እንዴት ሆነ? ቀዝቃዛ ብረት ያዥበት። እኔ ደህና ነኝ፤ በጣም ደህና ነኝ።

ልጅት የለችም። ጋሼን ተስፋ ስላስቆረጥኳቸው ይቅርታ በይልኝ። ቤት መከራየቴ ግን እውነት ነው። ምድር ቤት ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ጠባብ ማድ ቤትና መታጠቢያ አላት፣ ደረጃ የላትም። አከራዬ ግቢው ውስጥ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ዝምታ አይወዱም። ከሥራ ለጊዜው ዕረፍት ላይ ነኝ። ድልድዩ የትም አይሄድብኝም።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መታጠቢያው ሸክላ የተነጠፈበት ነው፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ተቀማጩ እኔ ብቻ ነኝ። አንዱን በርጩማ የምፈልገው ለማድ ቤት ነው፤ ቆሜ ከምሠራ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እንድከትፍ። አንዱን በሩ አጠገብ አደርገዋለሁ፣ ጫማ ለማጥለቅ። አንዱ ለመታጠቢያ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ሰው ክብደቱን በሙሉ ወደ አንድ ጎን ቢጥል የማይገለበጠው የቱ ነው? ባለ ሦስት እግሩ ወይስ ባለ አራቱ? በእጅ ተደግፈው ሲነሡ የሚሸሸውስ የቱ ነው? መቀመጫው ከጉልበት እጥፋት ትንሽ ከፍ ቢል ለመነሣት ይቀላል ይባላል፤ እውነት ነው?

ፋርማሲው ድረስ እየሄድሽ ልትደውይልኝ አትድከሚ። እዚህ ስልክ የለም። ደብዳቤ ይሻለናል።

ወንድምሽ

ጥቅምት ፳፭

ድንቡሼ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ደብዳቤህን መጀመሪያ እየሳቅኩ አነበብኩት። ደግሜ ሳነበው ሳቄ ቀረ። እንደገና ልጀምረው ስል ጋሼ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ከዚያ አጣጥፈው መለሱልኝና "ይህ ልጅ የደበቀን ነገር አለ" አሉኝ።

እኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ስሸጥ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ለቤቱ ውበት የሚገዛ ሰው ስለ ቀለሙ ይጠይቀኛል፣ ስለ ዕድሜው ይጠይቀኛል፣ ከመጋረጃው ጋር ይሄድ እንደሆነ ይጠይቀኛል። "ስነሣ ይሸሻል ወይ?" የሚለኝ ሰው ሌላ ነው። እሱን የሚጠይቁኝ አባታቸው የደከሙባቸው ናቸው፤ ወይም ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው የሚጠብቁ። ቁጭ ብሎ የሚታጠበው ማን ነው? ቆሞ ሽንኩርት መክተፍ ያቃተው ማን ነው? አንተ እኮ ሰማይ ላይ ተንጠልጥለህ በአንድ እጅህ ብረት ታቅፈህ በሌላው የምትበይድ ሰው ነህ!

ደረጃ የላትም ብለሃል። ደረጃ ስለሌለው ቤት የሚያወራ ጎልማሳ አይቼ አላውቅም።

እግርህ ነው ወይስ ወገብህ? ይህን ብቻ መልስልኝ። አታሳምረው፣ አታለስልሰው። መልስህ እስኪመጣ ድረስ ፖስተኛውን በየቀኑ እጠይቀዋለሁ።

እህትህ

ኅዳር ፭

እታለም፣

እግሬ ነው። ቀኙ። ከጉልበት በታች የለም።

ይኸው ጻፍኩት። ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ ብታዪ! አከራዬ ለእሳት ማያያዣ እየለቀሙ መርቀውኛል።

እንዴት ሆነ አትበይኝ፣ አሁን አይደለም። ብረት ወደቀ፤ ከሥሩ እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው አልተጎዳም። ሐኪሞቹ ሊያተርፉት ለፍተው ነበር፣ አልሆነም። ያኔ ክረምት ነበር። አንቺ "ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?" ብለሽ ስትጽፊልኝ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ "በርትቷል" ብዬ መለስኩልሽ። ዝናቡ በእርግጥ በርትቶ ነበር፤ በመስኮቱ አየው ነበር።

አሁን ቁስሉ ደርቋል። ሰው ሠራሹ እግር ገና ነው፤ እስከዚያ በክራንች ነኝ። እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ፊዚዮቴራፒስት አለች፣ እኛ በሽተኞቹ "ሻምበል" ነው የምንላት። ስታዝ ወታደር ናት። በርጩማ ፈልግ ያለችኝ እሷ ናት። "ቤትህ ውስጥ ከአንዱ መቀመጫ እስከ ሌላው ያለው መንገድ አጭር ይሁን። የሚያስወድቅህ መሀሉ ነው" ብላኛለች። ከፍታውን ያልኩሽም የእሷ ትእዛዝ ነው።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። አትምጪ።

እናታችን ካረፈች ጀምሮ የእኔ ነገር ሲነሣ ያንቺ ነገር ይቆማል። ትምህርትሽ ቆመ። ያ ሰዓት ሠሪ ላግባሽ ሲልሽ "ልጁ ይደግ" አልሽው፤ እኔ አደግኩ፣ እሱ ግን አልጠበቀም። አሁን ብትመጪ ሱቁን ትዘጊያለሽ፣ ጋሼን ትበትኛለሽ፣ አጠገቤ ፍራሽ ታነጥፊያለሽ። ውሃ ስጠማ ሳልጠይቅሽ ታቀብይኛለሽ። እኔም በዚያው ተቀምጬ እቀራለሁ። ካንቺ ክፋት አይደለም፤ ከእኔ ስንፍና ነው። ከያዝሽኝ አልነሣም፣ እታለም። ራሴን አውቀዋለሁ።

በርጩማ ብቻ ላኪልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር ፲፬

ወንድሜ፣

ምን ብዬ ልጀምር? ክረምቱን ሙሉ ስለ ዝናብ ስንጻጻፍ ነበር!

ተናድጄብሃለሁ። ንዴቴ እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ደብዳቤው ለዓመትም አይደርስህ፤ ስለዚህ ከነንዴቴ እጽፋለሁ። ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ልብሴን በሻንጣ ከትቼ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ትኬት ቆራጩ "ወዴት ነሽ እናቴ?" ሲለኝ ያለህበት ከተማ ስም ከአፌ አልወጣ አለ። "ከያዝሽኝ አልነሣም" ያልካት ቃል ትዝ አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ያጉረመርማሉ። አንዷ "ሴትዮ፣ ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጅም?" ብላ ጮኸችብኝ። ሻንጣዬን አንስቼ ተመለስኩ።

ጋሼ ሱቁ ደጃፍ ቆመው ነበር።

"መጣሽ?" አሉኝ።

"አልሄድኩም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ሥራ እንሥራ" አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ሠራን። ሦስት በርጩማ በጭነት መኪና ልኬልሃለሁ።

አንደኛው የድሮ ሞዴል ነው፣ ከተዘጋ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመጣ። አራት የብረት እግር አለው፤ እግሮቹ ከመቀመጫው ሰፋ ብለው የቆሙ ስለሆኑ ወደ ጎን ብትደገፍ አይከዳህም። ከሥሩ የእግር ማሳረፊያ ቀለበት አለው። መቀመጫው ላይ የነበረውን ቫርኒሽ ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት አነሱት፣ እንዳያንሸራትትህ። በብሎኑ እያዞርክ ከፍታውን ካስተካከልክ በኋላ ከጎን ያለችውን ትንሿን ማጥበቂያ እሰራት፤ አለበለዚያ ስትዞር አብሮህ ይዞራል። ይህ ለማድ ቤት ነው።

ሁለተኛው ዘመናዊ ነው። የአሉሚኒየም እግር፣ የላስቲክ ጫማ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መቀመጫ፣ በሁለት ጎን የእጅ መያዣ። ነፍስ የለውም ብዬህ ነበር፤ ለመታጠቢያ ቤት ነፍስ አያስፈልግም።

ሦስተኛውን ስታይ ሻምበልህ ትቆጣ ይሆናል። የጥንት ነው፣ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የወጣ። አትቀመጥበት፤ ዝቅተኛ ነው፣ ከተቀመጥክ አትነሣም። ግን ቤትህ በበሽተኛ ዕቃ ብቻ እንዲሞላ አልፈለግኩም። ሰው ሲገባ "ይህን ከየት አመጣኸው?" የሚልህ አንድ ነገር ይኑርህ። ለበሩ የሚሆነውን እየፈለግኩልህ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ታለቅሳለህ ወይ? ፊትህን ስለማላየው ነው የምጠይቅህ።

እህትህ

ኅዳር ፳፰

እታለም፣

ሦስቱም በሰላም ደረሱ። አንድ ጭረት የለባቸውም። ጋሼ የጠቀለሉበትን ጨርቅ ለመፍታት ግን ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ሬሣ የሚገንዙ ነው የመሰላቸው እንዴ?

አከራዬ ባለ ሦስት እግሩን እንዳዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዳሰሱት፣ ገለበጡት፣ እንዳልሽው ሆዱን አዩት። ከዚያ "ልጄ፣ ስትሞት ይህን ለእኔ ተናዘዝልኝ" አሉኝ። የእኔ ሴት አያት ሊሆኑ ምንም አይቀራቸው እኮ! "እሺ፣ መጀመሪያ ግን እርስዎ ይታመሙና ልጠይቅዎት" አልኳቸው። ተሳሳቅን።

ሻምበል ደግሞ መጥታ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ አንድ በአንድ መረመረችው። በባለ ብሎኑ ተቀመጠች፣ ወደ ግራ ተንጋደደች፣ ወደ ቀኝ ተንጋደደች፣ "ጎበዝ እህት አለችህ" አለች። የመታጠቢያውንም ወደደችው። ባለ ሦስት እግሩ ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

"ይህ ለምን መጣ?"

"ለእንግዳ።"

"እንግዳ አለህ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው ከመንገድ ዞር ይበል፤ ክራንችህን ይጠልፍብሃል" ብላ መስኮቱ ሥር አስጠጋችው። እዚያ ሆኖ ያምራል። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ቀዩ እንጨት እንደ ፍም ይሆናል።

ለባለ ብሎኑ የሚስማማኝን ከፍታ አገኘሁ። ማጥበቂያዋ ትንሽ ትላላለች፣ ግን ግድ የለም፣ በየጊዜው አጠብቃታለሁ።

ስለ ሥራዬ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ፎርማኑ ሊያየኝ እየተመላለሰ ነው። አከራዬን "ተኝቷል በሉልኝ" እያልኩ መለስኩት። ምን ሊለኝ እንደመጣ አላውቅም፣ ለማወቅም አልቸኮልኩም። ይህን ነገር አታንሺብኝ። የመጨረሻውን ጥያቄሽንም ሌላ ቀን እመልስልሻለሁ። ሁሉ ሰላም ነው።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ ፲፱

ድንቡሼ፣

ደህና ነህ ወይ? የበሩን በርጩማ እንዳገኘሁልህ ጽፌልህ ነበር፣ መልስ አልመጣም። ደብዳቤው ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጻፍኩ፣ እሱም መልስ የለው። ፖስተኛው ሱቄን ሲያልፍ ቀና ብሎ አያየኝም፤ ባዶ እጁን ማሳየት አሳፍሮታል መሰለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ ሥራ እምቢ ብሏል። "ማጥበቂያዋ ትንሽ ትላላለች" ያልካት ነገር አእምሮዬ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። ያንን ብሎን ያጠራሁት እኔ ነኝ። ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ። ዘይት አብዝቼበት ይሆን? ማጥበቂያዋን ቀይሬ አዲስ ማድረግ ሲገባኝ "የፋብሪካው ራሱ ይሁን፣ ኦሪጅናሉ ይበልጣል" ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ "በብረቱ የለበትም፣ እኔ ራሴ ተቀምጬበት ዞሬያለሁ" ይሉኛል። እሳቸው ግን ሁለት እግር አላቸው።

ትናንት አንዲት ደንበኛ ለቤቷ በርጩማ ልትመርጥ መጥታ ነበር። ከዚያው ፋብሪካ የመጣ ሌላ ባለ ብሎን አለኝ፤ ወደደችው፣ ልትቀመጥበት ስትል "አይሆንም!" ብዬ ጮኽኩባት። ደንግጣ ወጣች። እኔም በሩን ዘግቼ ያንን በርጩማ ስገለብጥ፣ ሳጠብቅ፣ ሳላላ ዋልኩ። ምንም አላገኘሁበትም። ምንም አለማግኘቴ አላሳረፈኝም።

አንድ ቃል ጻፍልኝ። "አለሁ" በለኝ።

እህትህ

ጥር ፪

ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነበው አንተ ካልሆንክ፣ እማማ አከራይ፣ እርስዎ ከሆኑ፣ እባክዎን ያለበትን ይጻፉልኝ። እህቱ ነኝ። ክፉም ቢሆን ይንገሩኝ።

የምታነበው አንተ ከሆንክ ግን፣ አትምጪ ያልከኝን እስካሁን አክብሬያለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጽሕፈትህን ካላየሁ ግን አላከብረውም። ብትጠላኝም እመጣለሁ።

እህትህ

ጥር ፲፪

እታለም፣

አለሁ።

በርጩማሽ ምንም አላደረገም፤ ከሁሉ በፊት ይህን እወቂልኝ። ብሎኑም ደህና ነው፣ ማጥበቂያዋም ደህና ናት። ያችን ደንበኛሽን ፈልጊና ይቅርታ ጠይቂያት።

ወድቄ ነበር። ማድ ቤት ቁጭ ብዬ ድንች እልጣለሁ። ጠዋት ነው፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጀርባዬን ታሞቀኛለች። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ እንዲያውም አፏጫለሁ። በሩ ተንኳኳ። "መጣሁ!" ብዬ ተነሣሁ።

በሁለት እግሬ ተነሣሁ፣ እታለም። ረስቼው ነበር። ሰው የራሱ እግር እንደሌለ እንዴት ይረሳል? ረሳሁት።

ያረፍኩት በተቆረጠው ጫፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፍልሽም። ያንኳኳው ፎርማኑ ነበር። ጩኸቴን ሰምቶ በሩን ቢገፋው ተቆልፏል፤ አከራዬን ጠርቶ በእሳቸው ቁልፍ ገቡ። ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ነው።

ቁስሉ ተከፍቶ እንደገና ተሰፋ፣ ከዚያም አመረቀዘ፤ እዚያው ከረምኩ። አንዷ ነርስ "ለቤተሰብ ልጻፍልህ?" ብትለኝ እምቢ አልኳት። በሰው እጅ የተጻፈ ፖስታ ቢደርስሽ ሳትከፍችው ሞቷል ብለሽ ታለቅሺ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን ፍርሃት ነው። አንዴ የረሳ ሰው ደግሞ ይረሳል፤ እኔ ለብቻዬ መኖር አልችልም ማለት ነው ብዬ ፈራሁ። ያንን ብጽፍልሽ ነገሩ የሚያልቅ መሰለኝ፤ አንቺ ሱቁን ዘግተሽ ትመጫለሽ፣ አለቀ። ለሻምበል ግን ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

"እግርህን ረስተህ ተነሣህ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ደስ ብሎህ ነበር?"

"አፏጭ ነበር።"

አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቁጭ ስትል አይቻት አላውቅም። "ብዙዎቹ ይረሳሉ" አለችኝ። "በፍርሃት ጊዜ ማን ይረሳል? ሰው የሚረሳው ልቡ ሲያርፍ ነው። እንግዲህ ደስ ሲልህም ክራንችህን ያዝ።" ብድግ ብላ ወደ ሌላው በሽተኛ ሄደች። ያን ቀን አለቀስኩ። ጠይቀሽኝ አልነበር? አለቅሳለሁ።

ቤት ስመለስ ደብዳቤዎችሽን አከራዬ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ቆልለውልኝ አገኘሁ። ጥር ሁለት የጻፍሽውን ፖስተኛው በእጃቸው ሰጥቷቸው ነበር፤ ማንበብ ስለማይችሉ ሊመልሱልሽ አልቻሉም። እኔም ሳልከፍታቸው ዙሪያቸውን ስዞር ሰነበትኩ።

ፎርማኑን ከዚያ በኋላ አልመለስኩትም፤ ተኝቼ ወዴት እሸሸዋለሁ? ሊያሰናብተኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሲመላለስ የከረመው ወርክሾፕ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሠራ በያጅ ፈልጎ ነው፤ ማጠፊያ፣ መያዣ፣ ትንንሽ ነገር። "እጅህን እንጂ እግርህን አልፈልገውም" አለኝ። አፉ እንዲህ ነው፣ አትቀየሚው።

ትናንት ሄድኩ። የወርክሾፑ መቀመጫ ቁመቱ አልመች ስላለኝ ፎርማኑ ባለ ብሎኑን ከቤቴ በጋሪ አስጭኖ ወሰደልኝ። ከፍታውን አስተካክዬ፣ ማጥበቂያዋን አስሬ ተቀመጥኩ፣ የፊት መከላከያውን አጠለቅኩ። የመጀመሪያው ብልጭታ ሲነሣ እጄን ሰበሰብኩ። ብረት ሲወድቅ የሰማሁ መሰለኝ። ላቋርጥ አልኩ፤ ግን ሁሉም ሥራቸውን ትተው እንደሚያዩኝ አውቄ ጨረስኩት። የበየድኩት መስመር ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ፎርማኑ አገላብጦ አየው።

"አስቀያሚ ነው" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

"ነገ በጠዋት ና።"

ቤት ተመልሼ ደብዳቤዎችሽን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ እየነደድሽ መክረምሽን ሳይ ራሴን ጠላሁት።

ነይ፣ እታለም። ሱቁን አትዝጊው፣ ለጋሼ ተይው። መምጣት ብቻ ሳይሆን መመለስም እንዳለ አውቀሽ ነይ። እኔ አበስልልሻለሁ፤ የምችለው ድንች ብቻ ነው። አልጋውን እለቅልሻለሁ። ፈርቻለሁ ግን። ስታዪኝ ፊትሽ ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ከአሁኑ ፈርቻለሁ።

ወንድምሽ

ጥር ፳፩

ድንቡሼ፣

"አለሁ" የምትለዋን ሳነብ እዚያው ፖስተኛው ፊት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የቀረውን ጋሼ ናቸው ያነበቡልኝ። "በሁለት እግሬ ተነሣሁ" የምትለው ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ሲያብሱ ቆዩ።

ትኬት ቆርጫለሁ። ደርሶ መልስ ነው። ይህ ደብዳቤ ቀድሞኝ እንዲደርስ አሁኑኑ ፖስታ ቤት እሮጣለሁ። ጋሼ ሱቁን ይጠብቃሉ፤ በመሄዴ የተደሰቱ ይመስላሉ፣ የሚጠሉትን ትልቁን ቁም ሣጥን እኔ ሳልኖር ሊያስወጡት ነው።

"ፊትሽን ፈራሁ" ብለሃል። እኔም ፈርቼዋለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ደህና ሰው ልመስል ተለማመድኩ። ጋሼ አይተውኝ "ጥርስሽን ያመመሽ ነው የምትመስይው" ሲሉኝ ተውኩት። እንደመጣ ይምጣ። ካለቀስኩም አልቅሼ እስክጨርስ አንተ ድንችህን ላጥ።

ካልጠራኸኝ አልይዝህም። ስትነሣ አልደግፍህም፤ ውሃ ሳትጠይቀኝ አላቀብልህም። ይህን ለመጻፍ ብዕሬን ስንቴ እንዳስቀመጥኩ አትጠይቀኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እደርስና በርህን አንኳኳለሁ። አከራይህን በቁልፋቸው ክፈቱልኝ አልላቸውም። አንተ "መጣሁ" ካልክ በኋላ መጀመሪያ ክራንችህን ያዝ፣ ከዚያ ተነሥ። ብትዘገይ አልጨነቅም ብዬ አልዋሽህም፤ እጨነቃለሁ። ግን በሩን አልገፋውም። አንተ እስክትከፍትልኝ ድረስ ደጅ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

እህትህ